«ይቆያል» ወይስ «ቆይቷል»? ስለ ሰው ሠራሽ ጉልበት ቁሶች በሚጻፈው አማርኛ ላይ የቀረበ ሂስ

ያረጀ ወይም በሕመም የተበላሸ የጉልበት መገጣጠሚያን በሰው ሠራሽ የመተካት ሕክምና ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚካሄዱት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች አንዱ ነው። ሕክምናው በተስፋፋ መጠን ስለ እርሱ የሚጻፈውም እየበዛ ስለ ሄደ፣ አማርኛም ከዚህ ሥራ ድርሻው ደርሶታል። በአገር ውስጥ ሐኪሙ ለታካሚው በቃል የሚያስረዳው፣ በዋሽንግተንና በአካባቢው ወይም በእስራኤል ለሚኖሩ ወገኖች ተተርጉሞ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ጋዜጣና ሬዲዮ ስለ አዳዲስ ግኝቶች የሚያቀርቡት ዜና፣ ይህ ሁሉ የሚቀዳው በአመዛኙ ከእንግሊዝኛ ነው። አንባቢው ደግሞ እንደ ሌላው የሳይንስ ትርጉም አንባቢ ተማሪ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ወይም እናት ናቸው፤ ያነበቡትን አምነው በቅጹ ግርጌ ይፈርማሉ። እንግዲህ የአንድ ስያሜ መሳት እዚህ ላይ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የምንተቸው አንድን ተርጓሚ ወይም አንድን ጽሑፍ አይደለም። በልዩ ልዩ ትርጉሞች ተደጋግመው የሚታዩ ስያሜዎች አሉ፤ ከእነዚህም የአንዳንዶቹ ስሕተት ከአማርኛው፣ የአንዳንዶቹ ግን ከራሱ ከእንግሊዝኛው የመጣ ነው። የኋለኞቹ ይበልጥ ያሳስባሉ፤ ተርጓሚው ታማኝ በሆነ ቁጥር ስሕተቱን ይበልጥ አጥርቶ ያስተላልፋልና።

ከሕክምናው ስም እንጀምር። «የጉልበት ንቅለ ተከላ» የሚል ስያሜ አልፎ አልፎ ይታያል። ንቅለ ተከላ ለኩላሊት የተሰጠ ደኅና ስያሜ ነው፤ ከአንዱ ሰው ተነቅሎ በሌላው ይተከላልና። ሰው ሠራሽ ጉልበት ግን ከፋብሪካ የሚመጣ ዕቃ እንጂ ከማንም የሚነቀል አካል አይደለም። ስያሜውን የሰማ ታካሚ «ሰጪው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ወይም እንደ ኩላሊት ተቀባይ ዕድሜ ልኩን መድኀኒት መዋጥ ያለበት ቢመስለው አይፈረድበትም። ሕዝቡ በበኩሉ «ብረት ገባለት» ይላል። ይህም አነጋገር ችግር አለበት፤ ለስብራት መጠገኛ የሚታሰረውም ብረት በዚሁ ቃል ይጠራልና። የስብራት ብረት ዐጥንቱ ከገጠመ በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ የጉልበት ታካሚዋም «ብረቱ መቼ ይወጣልኛል?» ትላለች። በሆስፒታሎቻችን የተለመደው «የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ» ከሁለቱም ይሻላል። በመሠረቱ ሐኪሙ ጉልበቱን በሞላው አይቀይርም፤ የጭኑን ዐጥንት ጫፍና የቅልጥሙን አናት በጥቂት ሚሊሜትር ልክ ቆርጦ፣ አንዱን ብረት፣ ሌላውን ብረትና ፕላስቲክ ያለብሰዋል፤ አንዳንድ ጊዜም የጉልበት ሎሚውን ጀርባ እንዲሁ ያደርጋል። ለሥራው ይበልጥ የሚቀርበው ቃል ስለ ጥርስ ሲነገር የምንሰማው «ማልበስ» ነበር። ይሁን እንጂ «ቅየራ» ሥር ሰድዷል፤ ሥር የሰደደን ቃል መንቀል የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ልማድ ሊሆን አይገባም። «መገጣጠሚያ» የሚለው ቃል እንዳይዘለል ብቻ እናሳስባለን። ጉልበት በአማርኛ ኀይልም ነውና «ጉልበት መተካት» ብሎ መጻፍ ያልታሰበ ፈገግታ ያስከትላል።

ወደ ቁሶቹ እንለፍ። በርሊን ይሠራ የነበረው የቀዶ ሐኪም ቴሚስቶክለስ ግሉክ እ.ኤ.አ. በ1890 ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ማጠፊያ በሰው ጉልበት ውስጥ አስገብቶ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ዕቃው የገባው በቲቢ በተበሉ መገጣጠሚያዎች ውስጥ ስለ ነበር ሥራው በመመርቀዝ ከሸፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተሞክሯል፤ ለዛሬው ሕክምና መሠረት የጣለው ግን የእንግሊዛዊው የጆን ቻርንሊ ሥራ ነው፤ እርሱም የሠራው በጉልበት ሳይሆን በዳሌ ላይ ነው። ቻርንሊ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቴፍሎን የተባለውን ልስልስ ፕላስቲክ ለመገጣጠሚያው መርጦ፣ ፕላስቲኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበልቶ አለቀ፤ በ1962 ወደ ፖሊኤቲሊን ዞረ። ይኸው ጥምረት፣ ማለት ከላይ ብረት ከታች ፖሊኤቲሊን፣ ወደ ጉልበት ተሻገረና በ1974 ገደማ በኒው ዮርክ በእነ ጆን ኢንሶል እጅ ዛሬም የምናውቀውን ቅርጽ ያዘ። ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል፤ የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ በፖሊኤቲሊን ላይ መንሸራተቱ ግን እስካሁን የተለመደው ነው።

«ቅይጥ» ስለሚለው ቃል የምንለው የለም፤ ጥሩ ነው። ችግሩ «ብረት» ላይ ነው። በትምህርት መጻሕፍት «ብረት አስተኔ» የሚል ስያሜ የተፈጠረው ብረት አንድ ንጥረ ነገር እንጂ የወገኑ ሁሉ ስም አይደለም ከሚል አሳብ ነው። ለኬሚስትሪ ይበጃል፤ ለታካሚ መግለጫ ግን ይከብዳል። ቁሱን በስሙ መጥራት ይቀላል፤ ኮባልት፣ ክሮሚየም፣ ቲታኒየም ብሎ መጻፍ ማንንም አያደናግርም፤ ለኒኬል ወይም ለኮባልት ሰውነቱ የሚቆጣ ሰውም ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቲታኒየም ሲባል ግን አንድ ነገር እንጨምር። ቀላልና ለዐጥንት የሚስማማ ስለ ሆነ ስሙ ገኗል፤ ሻጮችም «የቲታኒየም ጉልበት» ይላሉ፤ ተርጓሚውም ይከተላል። ነገር ግን ቲታኒየም ለመንሸራተቻ ገጽ የማይበጅ ቁስ ነው። በ1980ዎቹ የጭኑ ክፍል ከቲታኒየም ቅይጥ በተሠራባቸው ጉልበቶች ላይ ገጹ ተፍቆ ዙሪያውን ያለውን ሥጋ ሲያጠቁር ታይቷል። ስለዚህ ዛሬ ቲታኒየም በአብዛኛው የሚገኘው ከቅልጥሙ ላይ በሚቀመጠው ሳሕን ነው፤ እርሱም ቢሆን ከጭኑ ክፍል ጋር አይፋተግም። አንዱን ክፍል በሙሉው ስም መጥራት በግጥም ያምራል፤ በስምምነት ቅጽ ግን አያምርም።

የሚፋተጉትን ሁለት ገጾች እንግሊዝኛው «ቤሪንግ» ይላቸዋል። ተርጓሚዎች «ተሸካሚ ገጽ» ብለው ሲጽፉ አይተናል። ማንኛውም የመኪና ጥገና ሠራተኛ ግን ቤሪንግ ማለት ኩሽኔታ መሆኑን ያውቃል። ቃሉ ከጣሊያንኛ ተወስዶ ከጋራዥ እስከ ወፍጮ ቤት ተለምዷል፤ «በጉልበቱ ውስጥ እንደ ኩሽኔታ የሚያገለግል ፕላስቲክ» ቢባል የማይገባው የለም። ከዚሁ ከጋራዥ «ተበላ» የሚለውንም መውሰድ ይቻላል፤ ጎማ ይበላል፣ ቡሽ ይበላል፣ ፖሊኤቲሊንም እንዲሁ ይበላል። ለዚህ ሁሉ «መሸርሸር» ሲባል እናነባለን፤ የሚሸረሸር ግን አፈር ነው፤ ውሃ ወይም ነፋስ ካልመጣ ሽርሸራ የለም።

አሁን የደረስንበት ስያሜ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸግራል። ፕላስቲኩ በእንግሊዝኛ በጣም ረጅም ስም አለው፤ በአማርኛም «እጅግ ከፍተኛ ሞለኪውላዊ ክብደት ያለው ፖሊኤቲሊን» ተብሎ ቃል በቃል ተተርጉሟል። አንባቢው ከዚህ የሚይዘው «ክብደት»ን ነው፤ ሰው ጉልበት ውስጥ ከባድ ነገር የገባ ይመስለዋል። ቁሱ ግን ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ክብደቱ የአንዲት ሞለኪውል ክብደት ነው፤ እርሱም በሚሊዮን የሚቈጠረው የሞለኪውሏ ሰንሰለት እጅግ ረጅም ስለ ሆነ ነው። እንግዲያስ «ባለ ረጅም ሰንሰለት ፖሊኤቲሊን» ቢባል ሳይንሱ አይጎድልም፤ ለምን ጠንካራ እንደ ሆነም ስሙ ራሱ ይናገራል። ገበያ የምንይዘው ፌስታል ከዚሁ ወገን መሆኑን መሸሸግ አያስፈልግም፤ ልዩነቱ የሰንሰለቱ ርዝመትና አደራደር ነውና። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታሰበን። «ፕላስቲክ» በአማርኛ የርካሽና የአስመሳይ ዕቃ ስም ሆኗል። የቅልጥሙ ክፍል ያለ ብረት ሳሕን በሞላው ከፖሊኤቲሊን የሚሠራ የጉልበት ዓይነት አለ፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ በተለይ በአረጋውያን ላይ ከዓመታት በኋላ ሲመረመር ብረት ካለው ያላነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን «ሙሉ ፕላስቲክ ጉልበት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ታካሚውን ሳያውቀው ከርካሹ አባርሮ ወደ ውዱ ይመራዋል።

ሰንሰለቶቹን በጨረር እርስ በርሳቸው ማያያዝ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ተለምዷል። «መስቀለኛ ትስስር ያለው» የሚለው ትርጉም የቃሉን ቅርጽ እንጂ ነገሩን አይሰጥም። ሸማኔውን አስበው «ማግ የገባለት» ቢሉት ያምር ነበር፤ ነገር ግን ማግ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ራሱን የቻለ ፈትል ነው፤ እዚህ ግን ፈትል አልተጨመረም፤ ያሉት ሰንሰለቶች እዚህም እዚያም ተቆላለፉ እንጂ። «የተቆላለፈ ፖሊኤቲሊን» ይበቃል። በዳሌ ላይ ይህ ቁስ መበላትን እጅግ እንደ ቀነሰ አያጠራጥርም። በጉልበት ላይ ግን ውጤቱ ያን ያህል የጠራ አይደለም፤ የአውስትራሊያ ብሔራዊ መዝገብ በተቆላለፈው ዳግም ቀዶ ሕክምናው ማነሱን ያሳያል፤ በሌሎች መዛግብት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ልዩነት አላገኙም ወይም ያገኙት ጥቂት ነው። ምክንያቱ በከፊል ይታወቃል። ጉልበት እንደ ዳሌ ክብ በክብ ውስጥ የሚሽከረከርበት አይደለም፤ ሸክሙ በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ጨረር ደግሞ ፕላስቲኩን ከመበላት ሲያድነው ለስንጥቅ ያለውን ትዕግሥት ይቀንስበታል። ስለዚህ ከዳሌ የተገኘውን ውጤት ተርጉሞ «ለመገጣጠሚያ» ብሎ በጅምላ መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው። በ1970ዎቹ ፖሊኤቲሊን ከካርቦን ጭረት ጋር ተደባልቆ «የተጠናከረ» በሚል ስም ወጥቶ እንደ ነበርም እናስታውስ። የተጠናከረው ስሙ ነበር፤ ጉልበቱ ውስጥ ሲገባ ተሰነጠቀ፣ ተበላም።

ከእንግሊዝኛው ስለ መጡ ስሕተቶች ተናግረናል፤ ዋናው ምሳሌ ሲሚንቶ ነው። ብረቱን ከዐጥንቱ ጋር የሚይዘው ውሕድ «የዐጥንት ማጣበቂያ» ተብሎ ሲተረጎም እናያለን። ነገሩ ግን አያጣብቅም። ለስላሳ ሊጥ ሆኖ ይገባል፤ በዐጥንቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰርጋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ ከዚያም ግንበኛ በድንጋይና በድንጋይ መካከል እንደሚጨምረው ቡኮ ክፍተቱን ሞልቶ ያጸናል። «ሲሚንቶ» ቢባል ሻካራ ይምሰል እንጂ እውነት ነው። እስከዚህ ስሕተቱ የኛ ነው።

በ1987 ግን ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ጆንስና ሀንገርፎርድ፣ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ዙሪያ ዐጥንት እየሟሟ የሚጠፋበትን ሁኔታ «ሲመንት ዲዚዝ» ማለት «የሲሚንቶ በሽታ» በሚል ስም አሳተሙ። በሞቱት ሕብረ ሕዋሳት ውስጥ የሲሚንቶ ብናኝ ይገኝ ስለ ነበር ስሙ ምክንያት አላጣም። ስም ደግሞ መድኀኒቱን ይዞ ይመጣል፤ በሽታው የሲሚንቶ ከሆነ ሲሚንቶን ማስወገድ ነዋ! ያለ ሲሚንቶ የሚገቡ መገጣጠሚያዎች በብርቱ ተስፋፉ። ዓመታት ሲያልፉ ሲሚንቶ ባልነካቸውም ዙሪያ ዐጥንቱ መሟሟቱ ታየ። ጥፋተኛው የፖሊኤቲሊን ብናኝ ሆኖ ተገኘ፤ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳት አሉት፤ እነዚህ ብናኙን ይውጣሉ፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም፤ በዚህ ጊዜ የሚያመነጩት ነገር ዐጥንት የሚያሟሙ ሕዋሳትን ያነሣሣል። ስሙም በ1990ዎቹ «ፓርቲክል ዲዚዝ» ወደሚል ተለወጠ። ሲሚንቶ በስም ተከሶ በሥራ ነጻ ወጣ ማለት ነው፤ ዛሬም በስዊድንና በእንግሊዝ መዛግብት ውስጥ አብዛኞቹ ጉልበቶች በሲሚንቶ የተያዙ ናቸው። የቀድሞው ስያሜ ግን በአሮጌ መጻሕፍት ውስጥ ይኖራል፤ ከዚያም ወደ አማርኛ ይገባል። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻ ሳይሆን ቃሉ የወጣበትን ዓመት መመልከት አለበት የምንለው ለዚህ ነው። አዲሱን ስም ደግሞ «የብናኝ በሽታ» ማለት አይቻልም፤ እርሱ በአማርኛ የድንጋይ ፈላጭና የወፍጮ ቤት ሠራተኛ የሳንባ በሽታ ሆኖ ይሰማል። «የዐጥንት መሳሳት»ም በዕድሜ ለሚመጣው የተያዘ ነው። «በብናኝ የሚመጣ የዐጥንት መሟሟት» ብንል ይረዝማል እንጂ አያሳስትም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የቁጥሩ ቋንቋ ነው። ስዊድን በ1975 የጀመረችው ብሔራዊ የጉልበት ቅየራ መዝገብ የመጀመሪያው ነው፤ ሌሎችም አገሮች ተከትለዋል፤ እንግሊዝና ዌልስ በ2003 ጀመሩ። ከእነዚህ መዛግብት የሚወጣው ዋና ቁጥር «ሰርቫይቫል» ይባላል። ቃሉ የተወረሰው የሰውን ዕድሜ ከሚያሰሉ ሰንጠረዦች ነው፤ በአማርኛም «የመትረፍ መጠን» ሆኗል። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት፣ ሙሉ የጉልበት ቅየራ ከተደረገላቸው ጉልበቶች ከመቶ 82 ያህሉ፣ ግማሽ ቅየራ ከተደረገላቸው ደግሞ 70 ያህሉ 25 ዓመት እንደ ቆዩ ገምቷል። ይህን «ከ25 ዓመት በኋላ የመትረፍ መጠኑ 82 በመቶ ነው» ብለው የተረጎሙለት የሰባ ዓመት አዛውንት ምን ይረዳ? ከመቶ ሰው 18ቱ በዚህ ሕክምና ይሞታል ማለት ነው! ወይም በተቃራኒው፣ የታከመ ሰው ዘጠና አምስት ዓመት ይኖራል ማለት ነው! የሚተርፈው ዕቃው ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም። «ሳይወጣ የመቆየት መጠን» ይባል።

ይህም ሆኖ ስያሜውን ብቻ ማቅናት አይበቃም። ስሌቱ ካፕላንና ማየር በ1958 ያወጡት ነው፤ ጉልበቱን ይዞ የሞተ ሰው ከሞተበት ቀን ጀምሮ ከቆጠራው ይወጣል፤ ያልሞቱት ስለ እርሱም ይመሰክራሉ ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ «ከመቶ ሰዎች 82ቱ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። አብዛኞቹ አረጋውያን ዕቃው ሳያልቅ ዕድሜያቸው ያልቃል። በ2017 የእንግሊዝን መረጃ ይዞ የወጣ ሌላ ጥናት ይህን በግልጥ አሳይቷል፤ ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው ለታከሙ በቀሪ ዘመናቸው ዳግም የመቀደድ ዕድላቸው ከመቶ 5 ገደማ ሲሆን፣ በኀምሳዎቹ መጀመሪያ ላሉ ወንዶች ግን እስከ 35 ይደርሳል። ሁለቱ አንባቢዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ሊሰጣቸው አይገባም።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እንግሊዝኛው ቁጥሩን ሲናገር ብዙ ጊዜ በአሁን ጊዜ ግሥ ነው፤ ተርጓሚውም «82 በመቶዎቹ 25 ዓመት ይቆያሉ» ብሎ ይጽፋል። የአማርኛው «ይቆያል» ግን የአሁንም የትንቢትም ነው። ሐኪም ለታካሚ ሲናገረው ትንቢት ይሆናል፤ ትንቢቱም ቃል ኪዳን ይሆናል። የ25 ዓመት ውጤት ያለው ጉልበት በ1990ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት የገባ ነው፤ ፕላስቲኩም በዚያን ጊዜ አሠራር የተሠራ፣ ብዙ ጊዜም በአየር ውስጥ በጋማ ጨረር ከጀርም የጸዳ ነበር። ዛሬ የሚገባው ዕቃ ሌላ ነው። ሊሻል ይችላል፤ እንደ ካርቦኑ ፕላስቲክም ሊሆን ይችላል። መዝገቡ የሚያውቀው ያለፈውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ግሡ «ቆይተዋል» መሆን አለበት። በዚሁ አንጻር «የረጅም ጊዜ ውጤት»ን «ዘላቂ ውጤት» ማለት እየተለመደ ነው። ዘላቂ የሚዘልቅ ነው፤ ምስጋና ነው። ከዓመታት በኋላ የታየው ውጤት መጥፎም ሊሆን ይችላል፤ «ዘላቂ መጥፎ ውጤት» የሚል ግን ገና አላየንም።

«ሪቪዥን»ን «ክለሳ» የሚሉትን በአጭሩ እንለፋቸው፤ የሚከለስ ጠላና መጽሐፍ ነው፤ «ዳግም ቅየራ» ይበቃል። ግን ዳግም ቅየራ የሐኪምና የታካሚ ውሳኔ እንጂ የቁሱ ጠባይ ብቻ አይደለም። ግማሽ ቅየራ 70 ሆኖ የታየው ቁሱ ስለ ከፋ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ሙሉ መለወጥ ስለሚቀልለት ሐኪሙ ቶሎ ይወስናልና። ጉልበቱ እያመመው ዳግመኛ ያልተቀደደ ሰውም በመዝገቡ ውስጥ እንደ ስኬት ይቆጠራል፤ ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ያህል በውጤቱ እንደማይረካ ግን በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በሰው ሠራሽ ጉልበት መንበርከክ ብዙዎችን እንደሚያስቸግር ደግሞ የታወቀ ነው፤ ይህ ለስዊድን መዝገብ ትንሽ ነገር ነው፤ ለሚሰግድ፣ በበርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ለሚያፈላ ሰው ግን ከ25 ዓመቱ ቁጥር ይቀድማል። መግለጫው በአማርኛ ሲጻፍ ይህች አንቀጽ በእንግሊዝኛው ባትኖርም ብትጨመር ተርጓሚውን የሚወቅሰው አይኖርም።

የመጨረሻው «ኦክሲዳይዝድ» ነው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ ለጥፋት፣ አንዴ ለልማት። ፖሊኤቲሊን በጨረር ከተመታ በኋላ ኦክሲጅን ካገኘው ከዓመት ወደ ዓመት ይሰባበራል፤ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንኳ ያረጃል። በ2021 እና በ2022 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከ2004 ጀምሮ የሸጣቸውን የጉልበት ፕላስቲኮች የጠራው፣ ማሸጊያ ከረጢታቸው ኦክሲጅን የሚከለክል አንድ ሽፋን ስለ ጎደለው ነበር። በአንጻሩ የዚርኮኒየም ቅይጥ በአየር ውስጥ ሆን ተብሎ ይጋላል፤ ገጹ ኦክሲጅን ጠጥቶ ወደ ጥቁር ሸክላ መሰል ቁስ ይለወጣል፤ ጥንካሬውም ልስላሴውም ይጨምራል። ሁለቱን በ«ዛገ» የተረጎመ አለ፤ «የዛገ ዚርኮኒየም» በጉልበቱ እንዲገባ የሚፈቅድ ሰው ካለ እናደንቀዋለን። «በዚርኮኒየም የተለበጠ» የሚለውም አይሆንም፤ ልባጭ ይላጣል፤ ይህ ግን የገጹ የራሱ ለውጥ ነው። ለፕላስቲኩ «በኦክሲጅን የተበላሸ»፣ ለብረቱ «ገጹ በእሳት የጠነከረ» ብንል ዐይን አይምታታም። ይህን ስም ሰጥተን ግን የስሙን ተስፋ አብረን አንስጥ፤ በ2017 ከአውስትራሊያ መዝገብ የወጣ ጥናት በአንድ ዓይነት ቅርጽ የተሠሩትን ሁለቱን ቁሶች አነጻጽሮ፣ ከ12 ዓመት በኋላ ገጹ በእሳት የጠነከረው ከኮባልትና ክሮሚየሙ ያነሰ ዳግም ቅየራ እንዳላስከተለ አግኝቷል።